ዓሣ ለማየት ሳይሆን ለመዋኘት

የክሩዝ፣ ማለትም በትልቅ መርከብ የሚደረግ የሽርሽር ጉዞ፣ ማስታወቂያ አይታችሁ ከሆነ ሥዕሉን ታውቁታላችሁ። ሰማያዊ ውሃ፣ ማስክ ያጠለቀ ሰው፣ አፉ ላይ ቱቦ፣ ከሥሩ ቢጫ ዓሣ። ስኖርክል ነው፤ ፊትን ውሃ ውስጥ ደፍቶ በቱቦ እየተነፈሱ ከሥር ያለውን ማየት። የካሪቢያን ደሴቶች ሁሉ ሲወደሱ በዚያ ነው። ኮራሉ እንዲህ ነው፣ ዓሣው እንዲህ ነው ይባላል። መልካም ነገር ነው፤ የሚወደው ይሂድበት። እኔ ግን ባህር የምሄደው ልዋኝ ነው። እናቴ ደግሞ ውሃው ውስጥ ገብታ ልትቆም ነው የምትሄደው። ለእኛ ዓይነቱ ሰው ዳርቻ መምረጥ ለብቻው ሥራ ነው። ሰሞኑን በዚህ ሥራ ስለከረምኩ፣ ያገኘሁትን ልጻፈው።

ነገሩ የመጣው ከእህቴ ነው። ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። የእማዬን ሰባኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ፣ በየካቲት ከፍሎሪዳ የሚነሳ የሰባት ሌሊት የካሪቢያን ክሩዝ ልታስይዝ ነው። እሷ፣ ባሏና ልጆቿ ከዚያ፣ እኔና እማዬ ከዚህ። ሁለት መስመር ቀርቦላታል። የምዕራቡ ኮዙሜል፣ ግራንድ ኬይማንና ሮአታን ላይ ይቆማል። የምሥራቁ ግራንድ ተርክ፣ ሴንት ቶማስና ሴንት ማርተን ላይ። "ዋና የምትችይው አንቺ ነሽ፤ አንቺ ምረጪልን" አለችኝ። "አንድ ቀን ግን በደንብ ባህር እንግባ። ሌላውን እዚያው ስንደርስ እናየዋለን።"

እማዬ ስልኩን ተቀብላ የራሷን ጨመረች። "እኔ ፊቴን ውሃ ውስጥ ደፍቼ ምን ልፈልግ ነው? ቆሜ ገላዬን ካረጠብኩ ይበቃኛል። ደግሞ ያ ላስቲክ ሹሩባዬን ይበጣጥሰዋል።"

የሹሩባው ነገር እውነት ነው። የስኖርክል ማስክ ላስቲክ የሚያርፈው ልክ ጉንጉኑ ላይ ነው። ሲያጠልቁትም ሲያወልቁትም ፀጉር ይዞ ይሄዳል። ይህን የሚነግር ማስታወቂያ አላየሁም። ሴቶቻችን ግን ወዲያው ይገባቸዋል።

እማዬ ለባህር አዲስ አይደለችም። ተማሪ ሳለች አሥመራ ያሉ ዘመዶቿ ጋ ሄዳ፣ ከእነሱ ጋር ምጽዋ ወርዳለች። ስለዚያ ቀን ስታወራ ዓሣ አንድም ጊዜ አንስታ አታውቅም። የምታነሳው አሸዋው እግሯን እንዳቃጠላት ነው። ውሃው ለብ ያለ እንደነበር ነው። ብዙ ርቀት ወደ ውስጥ ሄዳ፣ ሄዳ፣ ውሃው ገና ወገቧ ላይ እንደነበር ነው። ይህን ስሰማ ምን መፈለግ እንዳለብኝ ገባኝ። ለብ ያለ፣ አሸዋ የሆነ፣ ቶሎ የማይጠልቅ።

እኔ ዋና የተማርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ጊዮን ገንዳ ነው። ሞቅ ያለ የምንጭ ውሃ ነበር፤ ክረምት ጠዋት ሲሆን እንፋሎት ከላዩ ይነሳል። አሠልጣኙ ከጠርዙ ላይ ጎንበስ ብሎ "ትንፋሽሽን ልቀቂው፣ አትያዢው" ይለኛል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ አንድ ገንዳ ጫፍ እስከ ጫፍ መዋኘት ያደክማል። እዚህ የለመደ ሰው ወደ ባህር ሲወርድ ትንፋሹ ይሰፋለታል። ጨውም ያግዛል። አንድ ሊትር የባህር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ፤ ሰውነትን ወደ ላይ ይገፋል። ገንዳ ውስጥ ወደ ታች የሚጎትቱት እግሮች ባህር ላይ ራሳቸው ከፍ ይላሉ።

ታዲያ የገንዳ ዋናተኛ ባህር ላይ ለምን ይፈራል? ገንዳ ጠርዝ ስላለው ነው ብዬ አምናለሁ። ሲደክም የሚያዝ ነገር አለ። ባህር ላይ የሚያዝ ነገር የለም፤ ያለው መቆም ብቻ ነው። ስለዚህ የገንዳ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ምን ይታያል?" ሳይሆን "እስከ የት ድረስ እቆማለሁ? ስቆምስ ምን ላይ ነው የምቆመው?" መሆን አለበት። እኔ ምርጫዬን በሙሉ የጀመርኩት ከዚህ ጥያቄ ነው።

የእግር ሥር ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኮራል ከሩቅ ሲያዩት አለት ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ይቆርጣል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። አለቱ መሀል እንደ ጃርት እሾህ ያለው የባህር ፍጥረት ይሸሸጋል፤ ከረገጡት እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል። የሚረግጠው ሰው ደግሞ ኮራሉን ራሱን ይገድለዋል። ስኖርክል የሚያደርግ ሰው ከላይ ተንሳፍፎ ስለሚያልፍ ብዙ ጊዜ አይነካውም። እማዬ ግን ትቆማለች። ስለዚህ የስኖርክል ሰው "ከዳርቻው ሁለት እርምጃ ላይ ኮራል አለ" ብሎ ያደነቀውን ቦታ እኔ ከዝርዝሬ አወጣሁት። ለእሱ ያማረው ለእኛ የማይሆነው ያው አንዱ ነገር ነው።

ይህን ከቤት ሆኖ ማየት ይቻላል። ከብሔራዊ ቴአትር ጀርባ ያለች አንዲት ካፌ አለች፤ ዋይፋዩ ጥሩ ነው። እዚያ ማኪያቶ አዝዤ የጎግል ካርታን የሳተላይት ምስል ከፍቼ ደሴቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ውሃው ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ነጭ የሚያደላ ሰማያዊ ከሆነ ሥሩ አሸዋ ነው። ጥቁር ጥቁር ነጥብ ካለበት ወይ ሣር ነው ወይ አለት ነው። ነጩ መስመር ማዕበል የሚሰበርበት ነው። ከፈዛዛው ወደ ጥቁር ሰማያዊ በድንገት ከተቀየረ፣ እዚያ ላይ መሬቱ ያልቃል። ግራንድ ተርክ ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። ከምዕራብ ዳርቻው ብዙም ሳይርቅ የባህሩ ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ወደ ታች ይወርዳል። ጠላቂዎች ከሩቅ አገር የሚመጡት ለዚያ ግድግዳ ነው። ስክሪኑ ላይ ግን አንድ ጣት የማይሞላ የቀለም ለውጥ ነው። አስተናጋጇ ከኋላዬ ቆማ አይታ "ይኼ ሁሉ ውሃ ነው?" አለችኝ።

ሁለተኛው ነገር ነፋስ ነው። ካሪቢያን ላይ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚነፍስ ቋሚ ነፋስ አለ። የደሴቱ ምሥራቅ ማዕበሉን ይቀበላል። ምዕራቡ ደሴቱን ተከልሎ ይተኛል። ኮዙሜልን ብታዩ መርከቦቹ የሚቆሙት በምዕራብ ነው፤ ውሃው እዚያ ጸጥ ያለ ነው። ምሥራቁ በኩል ያለው ዳርቻ ለፎቶ ያምራል፤ ማዕበሉና የሚጎትተው የውሃ ፍሰት ግን ለዋና አይሆንም። ባርቤዶስም እንዲሁ ነው። የምዕራቡ ዳርቻ ለዋና፣ የምሥራቁ ባትሼባ ለሰርፍ፣ ማዕበል ላይ በሰሌዳ ለመንሸራተት። የባህር ሣሩም ነገር አለ። ሳርጋሰም የሚባለው ቡናማ ሣር እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ በብዛት ወደ ካሪቢያን እየገባ ነው። ዳርቻ ላይ ተከምሮ ሲበሰብስ ይሸታል። በአብዛኛው የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ነው፤ እሱም የሚገፋው ወደ ምሥራቅ ዳርቻዎች ነው። እኛ የምንሄደው በየካቲት ስለሆነ ብዙ አላሳሰበኝም። በሰኔ ወይም በሐምሌ የሚሄድ ሰው ግን አስቀድሞ ይጠይቅ።

የባህሩ መሸሽና መመለስ ጉዳይም አሳስቦኝ ነበር፤ ምክንያቱም ዛንዚባርን አይቻለሁ። ፓጄ ላይ ጠዋት ደጄ ላይ የነበረው ባህር ከሰዓት በኋላ ሄዷል። እስከ ሩቅ ድረስ እርጥብ አሸዋ ነው፤ ሴቶች በዚያ አሸዋ ላይ የተከሉትን የባህር ሣር ይሰበስባሉ። በጣም ያምራል። ለመዋኘት ግን ባህሩ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። ለአንድ ሳምንት ለሚያርፍ ሰው ችግር የለውም። ከመርከብ ለስድስት ሰዓት ለሚወርድ ሰው ግን ቀኑ አለቀ ማለት ነው። ደግነቱ ካሪቢያን ላይ ይህ ስጋት የለም ማለት ይቻላል። የውሃው ከፍና ዝቅ ማለት በአብዛኛው ከግማሽ ሜትር አይበልጥም።

እንግዲህ በዚህ ሚዛን የምዕራቡን መስመር አየሁት። ግራንድ ኬይማን ላይ ሰቨን ማይል ቢች አለ። በምዕራብ በኩል ያለ፣ ረጅም፣ አሸዋማ፣ ውሃው የጠራ ነው። ዳርቻውን ብቻ ብናይ ከሁሉም ይበልጣል ብል አላጋነንኩም። ግን እዚያ ትልቅ መርከብ የሚጠጋበት መድረክ የለም። መርከቡ ባህሩ ላይ መልሕቅ ይጥልና ተሳፋሪው በትንሽ ጀልባ ተጓጉዞ ይወርዳል። ወረፋ አለ። ጀልባው ይወዛወዛል። ከትልቁ መርከብ ወደ ጀልባው የሚሻገሩበት እርምጃ አለ። የእማዬ ጉልበት ፎቅ ቤት ደረጃ ላይ እንኳ ያጉረመርማል። ደግሞ በብርድ ወራታቸው፣ የካቲትን ጨምሮ፣ አንዳንዴ ከሰሜን ምዕራብ ነፋስ ይነሳና ያንኑ የተከለለውን ዳርቻ ያናውጠዋል፤ ያኔ መርከቡ ሳያወርድ ሊያልፍም ይችላል። አንድ የባህር ቀን ብቻ ላለው ሰው ይህ ከባድ ነው።

ኮዙሜል ላይ የምዕራቡ ዳርቻ ጸጥ ይበል እንጂ ብዙው ቦታ አለት ነው፤ በመሰላል ነው ወደ ውሃው የሚገባው። አሸዋማዎቹ ወደ ደቡብ ናቸው፤ ታክሲ ይፈልጋሉ። ሮአታን ላይ ዌስት ቤይ በእውነት ጥሩ ነው፤ አሸዋውም ውሃውም። አሸዋው ላይ የሚናከሱ ጥቃቅን ዝንቦች አሉ፣ እሱን በቅባት መከላከል ይቻላል። ሮአታን ብቻውን ቢሆን እንቀበለው ነበር።

የምሥራቁን መስመር ያስመረጠኝ ግን ሴንት ቶማስ ነው። አንድ ደሴት ላይ ሁለት ዓይነት ሰው የሚለያይበትን ቦታ አገኘሁ። ኮኪ ቢች የስኖርክል ሰዎች ነው፤ ኮራሉ ቅርብ ነው፣ ዓሣው ብዙ ነው። ማገንስ ቤይ ደግሞ የእኛ ነው። ስኖርክል የሚወዱ ሰዎች ስለ ማገንስ ሲያወሩ "እዚያ የሚታይ ነገር የለም፣ አሸዋ ብቻ ነው" እያሉ ያማርራሉ። ያን ባነበብኩ ቁጥር ደስታዬ ጨመረ። አሸዋ ብቻ! እኔ የምፈልገው ያን አይደል?

ማገንስ ቤይ በሰሜን በኩል ነው። ከነፋሱ የተከለለው ምዕራቡ ነው ብዬ ሰሜን መምረጤ ግር ሊላችሁ ይችላል። እኔንም መጀመሪያ አስጠርጥሮኝ ነበር። ካርታው ላይ ጠጋ ብዬ ሳይ ግን መልሱ ተገኘ። የባህር ሰላጤው ወደ ውስጥ በጣም የገባ ነው። በምሥራቅ በኩል ረጅም የመሬት ምላስ ወደ ባህሩ ወጥቶ ከልሎታል፤ አፉ የሚያየው ወደ ሰሜን ምዕራብ ነው። ነፋሱ በተራራው ላይ ያልፋል፣ ውሃው ከሥር ይተኛል። ከዚያ ወዲህ አቅጣጫ ብቻ አላይም፤ የዳርቻውን ቅርጽም አያለሁ። ቀጥ ብሎ ለውቅያኖስ የተጋለጠ ዳርቻና ክንዱን አጥፎ ውሃውን ያቀፈ ዳርቻ አንድ አይደሉም።

አሸዋው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ወለሉ ቀስ እያለ ነው የሚጠልቀው። ነፍስ አድን ሠራተኞች አሉ። ዛፍ አለ፣ ጥላ አለ፣ መጸዳጃና መታጠቢያ አለ። መግቢያ ያስከፍላል። የቦታው ታሪክም ልቤን ነካው። አርተር ፌርቻይልድ የሚባል ባለሀብት እ.ኤ.አ. በ1946 ዳርቻውን ለደሴቱ ሕዝብ በስጦታ ሰጠው። እስከዛሬ የሕዝብ ነው፤ ሆቴል አጥሮ አልያዘውም። ለእኛ ሰፈር ልጆች ውሃ ሁልጊዜ ከግቢ ውስጥ፣ ከጥበቃ በስተጀርባ ያለ ነገር ነው። ገንዳ ለመግባት ሆቴል መግባት ነው። ሰው ባህር ዳርቻውን ለሁሉም ብሎ ሲሰጥ ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ሌላ ነገርም አመቸን። ሴንት ቶማስ የአሜሪካ ግዛት ናት፤ አሜሪካ ከአጎራባች ደሴቶቿ ጋር ከዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ1917 በ25 ሚሊዮን ዶላር ነው የገዛቻት። ቢሆንም መኪና የሚነዳው በግራ ነው። ከወደቡ ወደ ማገንስ የሚወስዱት ታክሲዎች ጎናቸው ክፍት የሆነ፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረባቸው መኪኖች ናቸው። መንገዱ ተራራ ወጥቶ ይወርዳል፣ ይጠመዘዛል። እንጦጦን ለሚያውቅ ሰው አዲስ አይሆንም። መርከቡ መድረክ ላይ ስለሚጠጋ እማዬ ተራምዳ ነው የምትወርደው።

ፓስፖርታችን የኢትዮጵያ ስለሆነ አንድ ነገር ላስታውስ። መርከቡ ከአሜሪካ ወጥቶ ነው ወደ አሜሪካ የሚመለሰው። ስለዚህ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት። ትኬት ከመቆረጡ በፊት ፓስፖርቱን ገልጦ ማየት ነው።

የሴንት ማርተንን ነገር ዘልዬው ነበር። ፊሊፕስበርግ ከተማዋ ፊት ለፊት አሸዋማ ዳርቻ አላት፤ ከመርከቡ በእግር ይደረሳል። ጀልባና ሰው ይበዛበታል እንጂ መጥፎ አይደለም። የእህቴ ልጆች የሚያወሩት ግን ስለ ማሆ ቢች ነው፤ አውሮፕላን ከሰው ራስ በላይ እየዘቀዘቀ የሚያርፍበት። እሱን አልደግፍም። ሊነሳ የተዘጋጀ አውሮፕላን ሞተሩ የሚለቀው ነፋስ ሰው ይጥላል፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ሰው ሞቶበታል። ለእህቴ በግልጽ ነግሬያታለሁ፤ ልጆቹ አጥሩ አጠገብ እንዳይቆሙ።

ዕቃ በተመለከተ ብዙ አላወራም። ለእማዬ ውሃ ውስጥ የሚደረግ የላስቲክ ጫማ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ፣ ስትወጣ የምትደርበው ነጠላ። የፀሐይ ቅባት ግን ከዚህ ገዝታችሁ ከሄዳችሁ የተጻፈበትን አንብቡት። ሴንት ቶማስ ያለችበት ግዛት፣ የዩኤስ ቨርጂን አይላንድስ፣ ኦክሲቤንዞን፣ ኦክቲኖክሴትና ኦክቶክሪሊን ያለባቸውን ቅባቶች ኮራል ይጎዳሉ ብለው ከልክለዋል። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ፈልጉ። ነጭ ሆኖ ፊት ላይ ይቀራል፤ ይቅር።

ደህንነቱን ለእማዬም ለልጆቹም አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ። መጀመሪያ ባንዲራ ይታያል። አረንጓዴ ከሆነ ይገባል፣ ቢጫ ከሆነ በጥንቃቄ፣ ቀይ ከሆነ አይገባም። ከዳርቻው ወደ ባህሩ መሀል የሚጎትት የውሃ ፍሰት (ጅረት) ከያዘ ከእሱ ጋር አይታገሉም፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን እየዋኙ ከጅረቱ መውጣት፣ ከዚያ ወደ መሬት መመለስ ነው። እኔም ስዋኝ ወደ ውስጥ አልሄድም። ደረቴ ድረስ ውሃ ባለበት፣ ዳርቻውን በጎኔ ይዤ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው የምዋኘው። ሲደክመኝ እቆማለሁ።

የቀረን ጭቅጭቅ የሰዓት ነው። መርከቡ የራሱ ሰዓት አለው፤ አንዳንዴ ከደሴቱ ሰዓት ጋር አይገጥምም። የሚታመነው የመርከቡ ነው። እዚህ ላይ የእኛን አቆጣጠር ጨምሩበት። እማዬ "ዘጠኝ ሰዓት" ስትል የእህቴ ልጆች ሌላ ነው የሚሰሙት። መርከብ ደግሞ አይጠብቅም። ተስማምተናል፤ የመመለሻው ሰዓት በወረቀት ይጻፋል፣ በእኛም በእነሱም አቆጣጠር፣ እማዬ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ከመጨረሻው የመሳፈሪያ ሰዓት ሁለት ሰዓት ቀድመን ከማገንስ እንነሳለን።

እህቴ የምሥራቁን መስመር ይዛለች። ባሏ ልጆቹን ይዞ ኮኪ ይሄዳል፣ ማስካቸውን ገዝተዋል። እህቴ ከእኛ ጋር ነች። ግራንድ ተርክ ላይ ዳርቻው ከመርከቡ መውረጃ አጠገብ ስለሆነ እማዬ እዚያም መግባት አማራት። እሱን ባንዲራውን አይተን እንወስናለን ብያታለሁ።